የብሥራት የስምንት ሰዓት ፈተና

«የድሮ ነው እኮ፤ አይችለውም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አየሁት፤ አልሆነለትም። አንተ ብትመጣልኝ ነው የሚሻለው።»

ይኸነው ይህን የሰማው ቅዳሜ ጧት፣ በጆግ ውኃ ይዞ ፊቱን ሊታጠብ በሳሎኑ መስኮት ሥር ሲያልፍ ነው። ሚስቱ ብሥራት ከውስጥ ስልክ እያወራች ነበር። የእንጅባራ ጉም ገና ከቆርቆሮው ላይ አልተነሣም፤ የበርሜሉ ውኃ እጅ ይቆርጣል። ጆጉን እንደያዘ ቆመ። ማንን ነው የድሮ የምትለው? ቤቱ ውስጥ የድሮ የሆነ ነገር ሞልቷል፤ ሶፋው የድሮ ነው፣ ቁም ሣጥኑ የድሮ ነው፣ ሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ኮምፒውተርም ከባሕር ዳር ያገለገለ ተብሎ ከተገዛ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያልሆነለት ማን እንደነበረ ይኸነው አሳምሮ ያውቃል። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለችውን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጥቶ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ሲታገል የዋለው እሱ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሥራት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት ስትማር ቆይታለች። የዛሬው ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይከፈታል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያረፈደ አይገባም፤ ያልተፈተነ ዓመቱን ይደግማል። ፈታኞቹ ተማሪዋን በካሜራ የሚያዩዋትና ድምፅዋን የሚሰሙት ብሮውዘሩ ላይ በምትጫን ፕለጊን በምትባል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም በኩል ነው፤ እሷ ካልሠራች ፈተናው አይከፈትም። ብሥራት የተመዘገበችው በዚሁ በቤቱ ኮምፒውተር ስለሆነ ደግሞ ሌላ ማሽን አይፈቀድላትም፤ ለመቀየር አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ፕለጊኗ እምቢ ያለችው ሐሙስ ለሙከራ ሲከፍቷት ነው። የብሥራት ፊት መታየት በሚገባው ቦታ ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ይመጣል። ይኸነው አጥፍቶ ጫናት፤ ያው ግራጫ። አዲሷን አወረደ፤ አዲሷ ይሄን የመሰለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይማ አልጫንም አለች። ብሥራት ከኋላው ቆማ ክንዷን አጣጥፋ ስታይ ነበር። «ነገ እጨርሰዋለሁ» አላት። ዓርብ ችሎት ነበረና ሱቁ በባለጉዳይ ተጨናንቆ ዋለ፤ አልጨረሰም።

ይኸነው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በጉብዝናው ዘመን ዳንግላ ላይ ስድስት ኮምፒውተር የነበረው የማሠልጠኛ ክፍል ነበረው፤ ብሥራትንም ያገኛት እዚያ ነው፤ «ቲቸር» እያለች እጇን አንሥታ የምትጠይቀው ተማሪው ነበረች። ያ ክፍል ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁን የሚጽፈው የሌላ ሰው ማመልከቻ ነው፤ አንድ ገጽ ሠላሳ ብር፣ ኮፒው አምስት ብር። በዚህ አዝኖ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ግን፣ ማተሚያው ወረቀት ሲበላ፣ ስልኳ ሲሞላ፣ የተማሪ ውጤት የተጻፈበት ፋይል ሲጠፋባት፣ እስካሁን ድረስ የምትጠራው እሱን ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ጠራች።

ቁርሱን ሲበላ ስለ ስልኩ ምንም አልጠየቃት። ዳቦውን ቆርሳ ሻይ ቀዳችለት። «ሱቅ አትሄድም?» አለችው። «እሄዳለሁ» አላት፤ አልሄደም። የመብራት ሶኬቱን የላላ ብሎን ሊያጠብቅ ነው ብሎ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። የብሥራት እናት እማማ ውቤ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለው ቀበሌ ዓይናቸው ሲደክም ካቻምና ነው ልጃቸው ዘንድ የመጡት። አዊኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛቸው አጭር ናት። ይኸነው ደግሞ አማርኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያደገ ነውና ከአዊኛው ከሰላምታ አያልፍም። አማችና አማት ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ በአብዛኛው የሚነጋገሩት በመሳቅና ራስ በመነቅነቅ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ባንተአምላክ መጣ። ብሥራት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን የሚመራ ወጣት ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ አንገቱ ላይ በክር ፍላሽ የሚያንጠለጥል። ካፊያው ጃኬቱን አርሶታል። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሊፈታ ሲል ብሥራት «ኧረ ተው፣ ዝም ብለህ ግባ!» አለችው። ይኸነው ትናንት ማታ በዚያው በር ላይ ጭቃ ይዘህ አትግባ የተባለው ትዝ አለው።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?» አለ ባንተአምላክ ዝቅ ብሎ እጁን እየዘረጋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እርስዎ እያሉ እኔን መጥራቷ ምን ይሁን ብላ ነው!» ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ይኸነው ግን «እርስዎ» የምትለዋ ላይ ቀረ። ብሥራትን «ብሥር» ይላታል፤ «አንቺ» ይላታል። በሚስትና በባል መካከል ያለው የአሥር ዓመት ልዩነት በአንድ ሰላምታ ሃያ የሆነ መሰለው።

ከዚያ ባንተአምላክ ወደ እማማ ውቤ ዞረና በአዊኛ ሰላም አላቸው። አሮጊቷ እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። ያወራሉ፣ ይመልሳል፤ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳል፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ሲል እማማ ውቤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅ ተንፈቀፈቁ፤ ብሥራትም ሣቋ አመለጣትና ግድግዳውን ተደገፈች። ሚስቱ እንዲህ ስትስቅ ይኸነው ካየ ቆይቷል። ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ሦስቱንም አየ፤ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ስለማይቻል ነው የሣቀው። «ምን አለ?» ሲል ጠየቃት። «ኧረ ምንም፤ ስለ ፍየል ነው» አለችውና ዓይኗን ጠረገች። በአማርኛ የማይገለጥ ምን ዓይነት ፍየል ይሆን?

ባንተአምላክ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ የፈተናውን ገጽ አይቶ፣ ምንም ሳይነካ ወንበሩን ተደገፈ። «የድሮ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እውነትም የድሮ ነው» አለና የማሽኑን ጎን እንደ ፈረስ ቸብ አደረገው። ይኸነው ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ነው የተወራው ማለት ነው። ግን ለአፍታ ብቻ ነው። ወዲያው ወጣቱ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ታች ቀኝ ጥግ ዘረጋና «ቀኑን አያችሁት?» አለ። ኮምፒውተሩ ዛሬን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያለ ቀን ነው ብሎ ጽፎታል። «የውስጧ ባትሪ ሞታለች፤ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳዋል። ቀኑ ሲሳሳት ፕለጊኗ ጊዜዬ ገና ነው ብላ አትነሣም።» ይኸነው ዳንግላ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ለተማሪ ሁሉ «ማሽን ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ» እያለ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያቺን ጥግ አላያትም። መነጽሩ ሱቅ ነበር፤ ዛሬም ሱቅ ነው። ብሥራት ወደ እሱ ዞር አለች፤ እሱም ምንም እንዳትል ብሎ ቶሎ ብሎን ወደ ማጥበቁ ተመለሰ።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ያለውን ሥራ ባንተአምላክ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ራሱን በራሱ ያደሰውን ብሮውዘር አነሣ፤ ከፍላሹ ላይ ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚሆን የቆየ ብሮውዘር ጫነ፤ እንዳይታደስ ዘጋው፤ ከዚያ አዲሷን ሳይሆን የቀድሞዋን ፕለጊን ጫነ። ሁሉንም እየነገራት ነው የሚሠራው። «ይሄን ለምን እንደማደርገው ገባሽ፣ ብሥር?» ይላታል፤ ገባኝ ትላለች፤ ካልገባት ደግሞ ትጠይቃለች፤ እንደገና ይነግራታል። ወንበሯን አስጠግታ፣ አገጯን በእጇ ይዛ ስክሪኑን ታያለች። ይኸነው ያንን አቀማመጧን ያውቀዋል። ሻይ ሁለት ጊዜ ቀዳችለት፤ ስኳሩን ሁለት ማንኪያ አድርጋ አማሰለችለት፤ ስንት እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም። ሁለት ማንኪያ እንደሚወድ የት ነው ያወቀችው? ትምህርት ቤት ነዋ፣ አለ ለራሱ፤ በእረፍት ሰዓት አብረው ነው ሻይ የሚጠጡት። ይህን ማወቁ አላሳረፈውም።

ከአምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ግራጫው አራት ማዕዘን ብልጭ አለና የብሥራት ፊት ወጣበት። ጮኸች። እጆቿን አጨበጨበች፤ እናቷ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው እልል አሉ። ባንተአምላክ ፍላሹን ነቅሎ አንገቱ ላይ አጠለቀና ተነሣ። ምሳ ብላ ብትለው እምቢ አለ፤ ዳንግላ የእህቱ ልጅ ክርስትና ነው፤ ሚኒባስ ሊያመልጠው ነው። «ፈተናው እስኪያልቅ ማሽኑን አታጥፉት፣ ምንም አትንኩ» ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ብሥራት እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ይኸነው በመስኮት አያቸው፤ ባጃጅ እስኪመጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆመው አወሩ። በመጨረሻ እሷ ትከሻውን መታ አደረገችው።

ፈተናው የሰው ድምፅ ከተሰማ ይቋረጣል ስለተባለ እማማ ውቤ እስኪያልቅ ጎረቤት እንዲቆዩ ተነጋግረው ነበር። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ብሥራት እናቷን ደግፋ ሁለት ቤት አልፎ ወዳለው ወደ ዋሂዳ ቤት ወሰደቻቸው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አሮጊቷ በዝግታ ነው የሚሄዱት፤ ዋሂዳም ሰውን ሳታጫውት አትለቅም። «ስልኬን እንዳትነቅለው፤ ኢንተርኔቱ ከሱ ነው የሚመጣው» አለችው ስትወጣ። ስልኳ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ጸጥ አለ። ይኸነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ገና ይሞቃል። እንዴት እንደተሠራ ማየት ብቻ ነው የፈለገው፤ የሰው ሥራ ማየት ነውር አይደለም። ከነዚህ ቅንብሮች መካከል ቢያንስ አንዲት ስሕተት አገኛለሁ ብሎ አንድ በአንድ ከፈታቸው። ስሕተት አልነበረም። ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ እሱ በጉብዝናው ዘመን ይሠራው እንደነበረው፣ ምናልባትም ከዚያ በተሻለ።

በዚህ መሀል የብሥራት ስልክ ብርሃን ሰጠ። መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ፊደሉ ትልልቅ ስለነበር ያለ መነጽርም ይነበባል። ባንተአምላክ ነው። «አይዞሽ። አንቺ ታልፊያለሽ። ስትጨርሺ ደውይልኝ።»

ምንም የሌለበት መልእክት ነው። ማንም የሥራ ባልደረባ ለማንም ይልከዋል። ይኸነው ግን «አንቺ ታልፊያለሽ» የሚለውን እሱ ነግሯት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነግሯት እንደሆነ። አላስታወሰም። ስትጨርስ የምትደውለው ደግሞ ለሱ ነው ማለት ነው፤ ባሏ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቃት። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ሐሳቡ ክፉ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ፣ ቀላል፣ ማንንም የማይጎዳ መሰለው። ፕለጊኗን ለጊዜው ያጠፋታል። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር ብሥራት ትከፍታለች፤ ግራጫው ይመጣል፤ ትደነግጣለች፤ ወጣቱ ሚኒባስ ላይ ነው፤ ስልክ አያነሣም። እሱ ከበረንዳው ይገባል። «እስቲ ልየው» ይላል። በሁለት ንክኪ ያበራታል። ፊቷ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ነው የሠራው ቢባል...

የፕለጊኖቹን ዝርዝር ከፈተ። «አጥፋ» የሚለውና «አስወግድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጎን ለጎን ነው የተጻፉት፤ በጥቃቅን ፊደል። ዓይኑን አጥብቦ አየና አንደኛውን ተጫነ። ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እርግጠኛ ነህ የምትል መሰለው፤ አዎ አላት። ፕለጊኗ ከዝርዝሩ ጠፋች። ደብዝዛ መቅረት ነበረባት እንጂ መጥፋት አልነበረባትም። ተጠግቶ አየ፤ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ቦታዋ ባዶ ነው። ፋይሏን በማሽኑ ሁሉ ፈለገ፤ የለችም፤ ባንተአምላክ በቀጥታ ከፍላሹ ነበር የጫናት፤ ፍላሹም ከአንገቱ ጋር ሄዷል። ከምትማርበት ኮሌጅ ገጽ የሚወርደው አዲሱ ብቻ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ከአሥር። ሚስቱን ዓመት የሚያስደግም ነገር በአንድ ጣቱ እንደሠራ ሲገባው፣ መጀመሪያ የታሰበው መሸሽ ነው፤ ሱቅ ሄዶ መቀመጥ፤ ስትመለስ ራሷ ታገኘዋለች፤ ማሽኑ የድሮ ነው። እስከ በሩ ሄደ። የዋሂዳ ቤት ከዚያ ይታያል፤ ብሥራት በረንዳቸው ላይ ቆማ ለመሄድ እያለች የዋሂዳን ወሬ ስትሰማ አያት። ሰዓቷን ታያለች። ተመልሶ ስልኩን አወጣና ደወለ።

ሁለት ጊዜ ጥሪው አልገባም። በሦስተኛው ገባና ተቆራረጠ። በአራተኛው «ጋሼ? ምነው፣ ደኅና ናችሁ?» የሚል ድምፅ ከሚኒባስ ሙዚቃ ጋር መጣ።

«ፕለጊኗ የለችም» አለ ይኸነው።

«አትሠራም?»

«የለችም። ጠፍታለች።»

«እንዴት ትጠፋለች?» ከዚያ ባንተአምላክ በዝግታ «ማን ነካት?» አለ፤ መልስ አልጠበቀም። «እሺ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆይተን አሁን ገና አዲስ ቅዳም ከተማ ልንደርስ ነው። እወርዳለሁ። በርስዎ ቴሌግራም ነው የምልክልዎት፤ ስልክዎን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ ገመድ ያዘጋጁ።» ከዚያ ለሾፌሩ «ወራጅ አለ!» ሲል ተሰማ።

ይኸነው ገመድ ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ገለበጠ። ሃያ ደቂቃ የሚያህል ጠበቀ፤ በሕይወቱ እንዲህ የረዘመ ሃያ ደቂቃ አላሳለፈም። ባንተአምላክ በዝናብ ወርዶ፣ አዲስ ቅዳም መንገድ ዳር ካለ የፎቶ ቤት ገብቶ፣ ባለቤቱን ለምኖ ፍላሹን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰክቶ ፋይሉን መላኩን በኋላ ነው ያወቀው። ፋይሉ መምጣት ሲጀምር ብሥራት በሩን ከፍታ ገባች። ባሏን ወንበሯ ላይ፣ ስልኩን ትከሻው ላይ አጣብቆ አገኘችው። ስክሪኑን አየች። ግራጫውን አየች። «ምንድን ነው?» አለች።

«ፕለጊኗ ጠፋች።»

«ጠፋች ማለት?» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም፤ ከመጮኽ የባሰ ነበር። ስልኩን ከትከሻው ላይ ወሰደችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ባንቴ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ከወዲያኛው ጫፍ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ።

«የድሮ ብሮውዘር አንዳንዴ ራሱ ያነሣታል» አለ ባንተአምላክ። «ይሆናል። አሁን እሱን ተይው፤ ጋሼ ይቀመጡ፣ እጃቸው ፈጣን ነው፤ አንቺ አንብቢላቸው።»

ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር ይኸነው አልገጠመውም። ቢያጋልጠው ይሻለው ነበር፤ ይጣላው ነበር፤ የሚጠላበት አንድ ምክንያት ያገኝ ነበር። ይልቁንም ወጣቱ ከአዲስ ቅዳም ሆኖ «አሁን ወደ ግራ፣ ጋሼ... አዎ እሷን... አሁን ይጠብቁ» እያለው፣ ሚስቱ ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ እሱ የማያየውን ጥቃቅን ፊደል እያነበበችለት፣ እሱ እንደ ጀማሪ ተማሪ የተባለውን ብቻ ተጫነ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ደወለ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ፈተናው ያለ እሷ ተከፈተ። ስምንት ከሦስት ሆነ። ስምንት ከስድስት ላይ ብልጭ አለና ፊቷ ወጣ፤ ከጎኗ የባሏ ፊት ግማሹ አብሮ ይታያል።

«ውጣ» አለችው። «ስልኩን ይዘህ ውጣ።»

በረንዳው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ካፊያው ቆመ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ከሰል የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ባለጋሪው በፈረሱ ላይ እንዳይጮኽ ይኸነው በእጁ ለመነው፤ ሰውየው ለቅሶ ያለ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። የጎረቤት ውሻ ሲነሣ ድንጋይ አነሣበት። በመስኮቱ በኩል የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ባንተአምላክ አንዴ መልእክት ላከለት፤ «ገባች?» የሚል። «ገባች» ብሎ መለሰ። ምስጋና ሊጨምርበት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አጠፋው፤ በሦስተኛው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክርስትናው አለፈህ» ብሎ ላከ። «ገና ምሳ ላይ ናቸው፣ ጋሼ» የሚል መልስ መጣ።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ብሥራት ወጣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከጎኑ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ካለው ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጨረስኩ።»

«እንዴት ነበር?»

«የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ምን ብዬ እንደመለስኩ አላውቅም። የቀሩትን ግን ሠርቻለሁ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ባንቴ ራሱ ነው ያነሣት ይሆናል አለ። እንዲያ ነው?»

ወጣቱ የከፈተለት በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይኸነው ጭቃውን አየ።

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ተሳስተህ?»

«ላጠፋት ነበር። ተሳስቼ አስወገድኳት።»

«ለምን ታጠፋታለህ?»

«ሲጨንቅሽ ገብቼ ላበራልሽ።»

ብሥራት ትክ ብላ አየችው። የሚጮኽ ሰው ፊት አልነበረም፤ ያልታሰበ ሒሳብ የደረሰው ሰው ፊት ነው። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እያጠቀለለች፣ እየፈታች ቆየች። እሱ ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነበት፤ ቢለውም አይበቃም።

«ጥር ላይ የመጨረሻው ፈተና አለ» አለች። «ያን ቀን እዚህ ቤት አትውልም። ዳንግላ እህትህ ጋ ሂድ።»

«እሺ።»

«ከጧት ጀምሮ።»

«እሺ።»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ወደ ውስጥ ልትገባ ብላ ደፉ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «እማን አምጣልኝ። ብርድ ይመታታል» አለችው። ሲሄድ ከኋላው ስልክ ስታወራ ሰማ፤ ለማን እንደደወለች ያውቃል፤ ላለመስማት እርምጃውን አፈጠነ።

እማማ ውቤ ዋሂዳ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። ብሥራት እንደፈራችው ብርድ አልመታቸውም፤ ሻይ ጠጥተው፣ ብስኩት በልተው፣ ደስ ብሏቸዋል። መንገዱ ላይ በእግራቸው መርገጫ እየፈለጉ፣ ክብደታቸውን ክንዱ ላይ ጥለው በዝግታ ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ባለቻቸው አማርኛ «ልጄ ጨረሰች?» አሉት።

«ጨረሰች፣ እማማ።»

«ማን ሠራ? ያ ልጅ?»

«አዎ። ባንተአምላክ ነው የሠራው።»

«የተባረከ።» ሁለት እርምጃ ሄዱ። «አንተስ?»

ይኸነው ሊስቅና ራሱን ሊነቀንቅ ይችል ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«እኔ አበላሸሁት» አለ።

አሮጊቷ ቆሙ። የደከመ ዓይናቸውን ወደ ፊቱ አነሡ፤ አይተውት ይሁን ድምፁን ሰምተው ብቻ አላወቀም። «ለምን?»

ቃሉ ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ የነበረ ይመስል በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ቀናሁ።»

እማማ ውቤ ቃሉን አውቀውት ይሁን አይሁን፣ ራሳቸውን ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ በነፃው እጃቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ፊት ያለውን ጭቃ አዩ።

«ደኅና አድርገህ ያዘኝ» አሉት፤ «እዚህ ጋ ያዳልጣል።»

ደኅና አድርጎ ያዛቸው።